አረንጓዴው የት ሄደ? የቤት ፕሪንተር ቀለም ሲያስቸግር

የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት። ጥቅምት ላይ፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ «ባንዲራ በወረቀት አሳትማችሁ ኑ» ተብለው አርብ ማታ መጣችብኝ። እንዲህ ያለ ሥራ በእኛ ቤት ወደ እኔ ነው የሚላከው። አተምኩላት። የወጣው ነገር ባንዲራ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ከላይ ቢጫ፣ መሐሉ ቢጫ፣ ከታች ቀይ። ክቡ ደግሞ ሮዝ። ልጅቷ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ጋሼ፣ አረንጓዴው የት ሄደ?» አለችኝ።

አረንጓዴው የትም አልሄደም። ድሮም አልነበረም። ፕሪንተራችን ውስጥ አረንጓዴ የሚባል ቀለም የለም። እውነተኛ ቀይም የለም። ያሉት አራት ናቸው፦ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ እና ጥቁር። ሳያን ወደ ውሃ ሰማያዊ ያደላል። ማጀንታ ደመቅ ያለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚሄድ ሮዝ ነው። ሱቅ ውስጥ ሳያኑን «ሰማያዊ»፣ ማጀንታውን «ቀይ» እያሉ ነው የሚሸጡልን። ለመግባባት ያህል ምንም አይደል። ግን አንድ ነገር ሲበላሽ ይሄ አጠራር ያሳስታል፤ «ቀዩ አልቋል» የሚል ሰው ምን እንደጠፋ በትክክል አላወቀም ማለት ነው።

ሌላው ሁሉ የሚሠራው በድርብ ነው። ሳያንና ቢጫ ሲደራረቡ አረንጓዴ ይሆናሉ። ማጀንታና ቢጫ ቀይ ይሆናሉ። ሳያንና ማጀንታ ደግሞ ጠቆር ያለውን ሰማያዊ ይሰጣሉ። እንግዲህ ባንዲራችንን ልብ ብላችሁ እዩት። አረንጓዴ አለው፣ ቢጫ አለው፣ ቀይ አለው፣ መሐሉ ላይ ሰማያዊ ክብ አለው። ለፕሪንተር ምርመራ ታስቦ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ሳያን ሲጠፋ አረንጓዴው ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ ክቡ ሮዝ ይሆናል፣ ቀዩን ግን ምንም አይነካውም። የእኛ ቤት ጉዳይ ይሄ ነበር። ማጀንታ ከጠፋ አረንጓዴው ደህና ነው፤ ቀዩ ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ ክቡም ሳስቶ ውሃ ሰማያዊ ይሆናል። ቢጫ ከጠፋ መሐለኛው መደብ ባዶ ወረቀት ይሆናል፣ ኮከቡም ይነጣል፣ አረንጓዴው ሰማያዊ፣ ቀዩ ሮዝ ይመስላል። ጥቁር ከጠፋ ባንዲራው ላይ ብዙም አታዩትም፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ነው የሚጠፋው። ፎቶ ላይም ሕጉ ያው ነው። ሰዉ ሁሉ ፊቱ ቀልቶ ከወጣ ሳያን ጠርጥሩ። የሠርግ ፎቶ ላይ ሙሽሮቹ አረንጓዴ ከመሰሉ ማጀንታ ነው።

አሁን የቋንቋችንን ነገር ላንሳ። በአማርኛ ከጠርሙስ የሚፈሰውም «ቀለም» ነው፣ ዓይናችን የሚያየው አረንጓዴና ቀይም «ቀለም» ነው። (ትምህርቱም ቀለም ነው፤ እሱን እንተወው።) ስለዚህ ቴክኒሻን ጋ ደውለን «ኧረ ቀለሙ ተበላሸብኝ» ስንል ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንደኛው፣ ፈሳሹ ወረቀቱ ላይ አልደረሰም። ሁለተኛው፣ ፈሳሹ ደርሷል፣ ግን መልኩ የጠበቅነው አይደለም። የመጀመሪያው የመዘጋት ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የወረቀት፣ የሴቲንግና የስክሪን ጉዳይ ነው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ያውም ቃል በቃል፦ ውድ ፈሳሽ ስፖንጅ ውስጥ ማፍሰስ።

ሁለቱን የሚለየው አንድ ወረቀት ነው። «ኖዝል ቼክ» ይባላል። በፕሪንተሩ ሜኑ ላይ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ በፕሪንተሩ ሴቲንግ ውስጥ «ሜንቴናንስ» በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። አራቱን ቀለሞች በትናንሽ መስመሮች ለየብቻ ያትማል። የሚወስደው ቀለም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መስመሮቹ ከተቆራረጡ ወይም አንዱ ቀለም ጭራሽ ከሌለ ችግሩ ፈሳሹ ነው። አራቱም ሙሉ ከሆኑ ግን እጃችሁን ከማጽጃው ላይ አንሡ። ቀለም የሚረጨው ክፍል፣ «ሄድ» የሚባለው፣ ጤነኛ ነው። ከዚህ በታች ስለ መዘጋት የምለውን ዘላችሁ ስለ መልክ ወደማወራው ሂዱ።

ፈሳሹ ሳይደርስ ሲቀር

ወረቀቱ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚመላለሰው ክፍል «ሄድ» ይባላል። ከሥሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች አሉት። የምትወጣው ጠብታ የምትለካው በፒኮሊትር ነው። ፒኮሊትር ማለት ሊትርን ለ1,000,000,000,000 ስታካፍሉት የሚደርሳችሁ ነው።

ጠብታዋን ለማስወጣት ሁለት መንገድ አለ። ኤችፒና ካኖን ቀለሙን ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያፈሉታል፤ የሚፈጠረው አረፋ ጠብታዋን ገፍቶ ያወጣታል። ካኖን ራሱ እንደሚተርከው ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 በአጋጣሚ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ የጋለ የመበየጃ ብረት ቀለም የያዘ ሲሪንጅ መርፌ ነካ፣ ቀለሙም ከጫፉ ፊጭ አለ። ኤፕሰንና ብራዘር ግን አያፈሉም። ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ቅርጹ የሚለወጥ ክሪስታል አላቸው፤ እሱ ነው ቀለሙን ጨምቆ የሚያወጣው።

ይሄ ለቤት ሰው ምን ይጠቅመዋል? ሄዱ የት እንደሚቀመጥ ለማወቅ ነው። ጥቁርና ባለ ሦስት ቀለም ሁለት ካርትሪጅ ብቻ በሚይዙት ትናንሽ የኤችፒ ፕሪንተሮች ሄዱ ካርትሪጁ ላይ ነው። አዲስ ካርትሪጅ ስትገዙ አዲስ ሄድ ገዛችሁ ማለት ነው። ካርትሪጁ ውድ ነው ብለን የምናማርረው በከፊል ለዚህ ነው። ኤፕሰን ላይ ግን ሄዱ ማሽኑ ውስጥ ነው የሚኖረው። በጠርሙስ የሚሞሉት ባለ ታንከር ኤፕሰኖችም እንደዚያው። ሄዱ ከሞተ ወጪው ከባድ ነው፤ ለአዲስ ፕሪንተር ሊቃረብ ይችላል።

ታዲያ ለምን ይዘጋል? የቤት ፕሪንተር ቀለም አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃው ይተናል፣ ማቅለሚያው ቀዳዳው አፍ ላይ ይጋገራል። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ቀለም ቀንዳቸውን ከፍተው ከረሱት ይደርቅባቸዋል። እነሱ ግን ውሃ ጠብ አድርገው ይበጠብጡታል፤ እኛ ከፀጉር ለቀጠነ ቀዳዳ እንዲያ ማድረግ አንችልም። የእኛ ቤቱ ፕሪንተር ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ አልተነካም ነበር። ክረምቱን ሙሉ፣ መስከረምንም ጨምሮ ቆሞ ከርሟል። ሳያኑ ሌሎቹን ቀድሞ ደረቀ።

ፕሪንተሩ ለዚህ መከላከያ አለው። ሲጠፋ ሄዱ ወደ ጥግ ሄዶ የጎማ ክዳን ላይ ይቀመጣል። እዚያ ላይ ሆኖ ለሳምንታት ሳይደርቅ ይቆያል። ነገር ግን ወደ ክዳኑ በእርግጠኝነት የሚመለሰው በራሱ ማጥፊያ ቁልፍ ስታጠፉት ነው። ከሶኬት ላይ ነቅላችሁ ወይም የማከፋፈያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ከሆነ አፉን ከፍቶ ሊያድር ይችላል። እያተመ መብራት ሲሄድም ያው ነው። ይሄ የእኛ አገር በሽታ ነው ብል አልተሳሳትኩም። መብራት እያተመ ከሄደባችሁ፣ ሲመጣ አብሩትና በራሱ ቁልፍ መልሳችሁ አጥፉት። ክዳኑን ያገኛል።

ከተዘጋ በኋላስ? «ሄድ ክሊኒንግ» አንዴ አድርጉ። ከዚያ ኖዝል ቼክ አትሙ። ካልተስተካከለ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ሞክሩ። በሦስተኛው ካልሆነ አቁሙ። አጥፉትና ተዉት። በብዙ የኤፕሰን ሞዴሎች መመሪያ ላይ ቢያንስ 12 ሰዓት ጠብቁ የሚል አለ። ቀልድ አይደለም። የጋገረው ቀለም በአዲሱ ቀለም እየራሰ ይላላል፣ የገባው አየርም ቦታውን ይለቃል። አንድ ጊዜ እኔ በእልህ አሥር ጊዜ ያህል አከታትዬ አጸዳሁ። መስመሩ ያው እንደተቆረጠ ነው። የታንከሩ ቀለም ግን በዓይኔ እያየሁት ወረደ።

የወረደው ቀለም ታዲያ የት ገባ? ማጽዳት ማለት ቀለሙን በቀዳዳዎቹ በኩል ስቦ ማስወጣት ነው። የተሳበው ሁሉ ከፕሪንተሩ ሆድ ውስጥ ያለ ስፖንጅ ላይ ይፈሳል። ፕሪንተሩ ስፖንጁ ስንት እንደጠጣ ይቆጥራል። ቁጥሩ ሲሞላ «የኢንክ ፓዱ ዕድሜ አልቋል» ብሎ ሥራ ያቆማል። ብዙ ቴክኒሻኖች በሶፍትዌር «ሪሴት» ያደርጉላችኋል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሪሴት ግን ቆጣሪውን ነው ወደ ዜሮ የሚመልሰው፣ ስፖንጁን አያደርቀውም። ስፖንጁን ሳታስቀይሩ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሪሴት ካስደረጋችሁ አንድ ቀን ጠዋት ጠረጴዛችሁ ላይ ጥቁር ኩሬ ታገኛላችሁ። «ወንድሜ፣ ፓዱንም ቀይርልኝ» በሉት። አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ስፖንጁ በሳጥን መልክ ስለሆነ ራሳችሁ ትቀይሩታላችሁ።

ከ12 ሰዓቱም በኋላ እምቢ ካለ የውሃ ሕክምና አለ። የቧንቧ ውሃ አይሁን፤ ማዕድኑ ደርቆ ራሱ ይዘጋዋል። የተጣራ ውሃ ነው የሚያስፈልገው። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሆናል። ግን በጣም ተጠንቀቁ፦ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጠርሙስ ሊሸጥ ይችላል። ጽሑፉን አንብቡ፣ ሻጩንም ጠይቁ፣ ከተጠራጠራችሁ ተዉት። ሄዱ ካርትሪጁ ላይ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ክር የማያወጣ ጨርቅ ለብ ባለ የተጣራ ውሃ አርጥባችሁ የካርትሪጁን አፍ ለጥቂት ደቂቃ ደፍታችሁ አሳርፉበት። ከዚያ በደረቁ ክፍል ጠቅ ጠቅ አድርጉት። መፈግፈግ የለም። የመዳብ መልክ ያለውን የኤሌክትሪክ መገናኛ አድርቁት። ሄዱ ማሽኑ ውስጥ ከሆነ ግን ሲሪንጅ ይዞ በኃይል መግፋትን አልመክርም። ያ ሥራ ብዙ ሄድ ያየ እጅ ይፈልጋል።

ባለ ታንከር ፕሪንተር ላይ ሌላም ጣጣ አለ፦ አየር። ቀለሙ ከታችኛው መስመር በታች እስኪወርድ ከጠበቃችሁ ቀጭኑ ቱቦ አየር ይስባል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ገጹ ሲጀምር ደህና ነው፣ እየወረደ ሲሄድ አንዱ ቀለም ይጠፋል። ቤት ስትቀይሩ ፕሪንተሩን ሚኒባስ ላይ አጋድማችሁ ብትጭኑትም እንዲሁ ይሆናል። ቱቦውን ለመሙላት ከተራው ማጽጃ የሚበልጥ «ፓወር ክሊኒንግ» የሚባል አለ። ብዙ ቀለም ይጠጣል። ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉም ታንከር ቢያንስ ሲሶው ሙሉ መሆን አለበት። አለዚያ አየሩን ልታወጡ ብላችሁ ሌላ አየር ታስገባላችሁ።

አዲስ ካርትሪጅ አስገብታችሁ ባዶ ወረቀት ከወጣ፣ አፉ ላይ ያለችውን ፕላስቲክ አንሥታችኋል? ሳቅ አይደለም፣ እኔም ረስቻት አውቃለሁ። አንዳንዱ ካርትሪጅ ላይ ደግሞ ከላይ የአየር መግቢያዋን የሸፈነች ልጣፍ አለች። እሷ ካልተነሣች ለጥቂት ገጽ ያትምና እየነጣ ይሄዳል።

ፈሳሹ ደርሶ መልኩ ሲከፋ

ኖዝል ቼኩ ንጹሕ ነው እንበል። ግን ፎቶው ደብዝዟል፣ ወይም ጠቁሯል፣ ወይም ወደ ሮዝ አድልቷል። አሁን የምትጠረጥሩት ወረቀቱን ነው።

ተራው 80 ግራም ወረቀት እንደ ጨርቅ ይጠጣል። ጠብታዋ ወደ ውስጥ ትሰርጋለች፣ ወደ ጎንም ትሰፋለች። ስለዚህ ቀለሙ ሁልጊዜ ትንሽ ይደበዝዛል። የፎቶ ወረቀት ግን ቀለሙን ላይ ላዩን የሚይዝ ሽፋን አለው። ፕሪንተሩ የትኛው ወረቀት እንደተሰጠው አብዛኛውን ጊዜ አያይም። እናንተ ናችሁ የምትነግሩት፣ «ፔፐር ታይፕ» በሚለው ምርጫ። ተራ ወረቀት አስገብታችሁ የፎቶ ወረቀት ነው ካላችሁት ከልክ በላይ ይረጫል፤ ወረቀቱ ርሶ ይጣመማል። የፎቶ ወረቀት በጀርባው ከገባ ደግሞ ቀለሙ አይደርቅም፤ በጣት ስትነኩት ይላቀቃል። የሚያብረቀርቀው ነው ፊቱ። ክረምት ላይ የተከፈተ ወረቀት እርጥበት ስለሚጠጣ ፊደሉ ጠርዙ ላይ ፀጉር ያወጣል። የተረፈውን በላስቲክ ጠቅልሉት።

ጥቁሩ ለብቻው ወሬ አለው። በብዙ ፕሪንተሮች ጥቁሩ የተሠራው በፈሳሹ ውስጥ ከሚንሳፈፍ ደቃቅ ዱቄት ነው፤ ሦስቱ ቀለሞች ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሟሙ ናቸው። ዱቄቱ ተራ ወረቀት ላይ ጽሑፍን ቁልጭ ያደርጋል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ግን አይጣበቅም። ስለዚህ የፎቶ ወረቀት ስትመርጡ እንዲህ ያሉት ፕሪንተሮች ያንን ጥቁር ትተው ሦስቱን ቀለም ደራርበው ጥቁር ያስመስላሉ። ከዚህ አንዲት የማታ ብልሃት ትወጣለች። ጥቁሩ ተዘግቶ ጠዋት የሚቀርብ ወረቀት ካለባችሁ፣ ተራ ወረቀት አስገብታችሁ የፎቶ ወረቀት ነው በሉት። ጥቁሩ ትንሽ ቡናማ ይመስላል፣ ግን ይነበባል። እምቢ ካለ ጽሑፉን ጠቆር ያለ ሰማያዊ አድርጉት።

ስክሪኑም ያታልላል። ስልካችሁ ብርሃን ይረጫል፤ ወረቀት ግን ያገኘውን ብርሃን ነው የሚመልሰው። በሙሉ ብርሃን ያያችሁት ፎቶ ወረቀት ላይ ጨለማ ቢመስል ጥፋቱ የፕሪንተሩ አይደለም። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ አውርዳችሁ እንደገና እዩትና ከዚያ አነጻጽሩ። አንዳንድ የሚያንጸባርቅ ብርቱካናማና አረንጓዴ ደግሞ በአራት ቀለም ጨርሶ አይገኝም።

ሁሉም ፎቶ በሚያስገርም ሁኔታ ወደ ሮዝ ካደላ ሌላ ነገር ጠርጥሩ። የፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም መልኩን ለወረቀቱ አስተካክሎ ይልካል። የፕሪንተሩ ሶፍትዌርም ሳይጠየቅ ደግሞ ያስተካክለዋል። አንዱ ወጥ ላይ ሁለት ሰው ጨው ሲጨምር እንደማለት ነው። አንዱ ብቻ ያስተካክል፣ የሌላውን ማስተካከያ አጥፉ።

አንድ ወጥመድ ልጨምር፣ አዲስ አበባ ውስጥ በርካታ ሰው የሚገባበት ነው። ኩባያና ቲሸርት ላይ የሚያትሙ ቤቶች «ሰብሊሜሽን» የሚባል ቀለም ይጠቀማሉ። ወረቀት ላይ ሲወጣ ድብዝዝ ያለ ነው። የሚደምቀው በ180 ወይም በ200 ዲግሪ ሲተኮስ ነው። ጠርሙሱ ግን ከተራው ቀለም ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ቀለም ሞልታችሁ በማግስቱ ሁሉም ነገር አመድ አመድ ካለ ጠርሙሱን አንሥታችሁ አንብቡ። በስህተት ጥቁሩን ቢጫው ታንከር ውስጥ የጨመረ ሰው ደግሞ ማተምም ማጽዳትም አይሞክር። ሁለቱም የተደባለቀውን ወደ ሄዱ ይስቡታል። መጀመሪያ ከታንከሩ በሲሪንጅ ይውጣ።

የተደራረበ ፊደል፣ የተሰበረ የሠንጠረዥ መስመር? እሱ ቀለም አይደለም። ሄዱ ሲሄድና ሲመለስ አንድ ቦታ እያረፈ አይደለም፤ ሜንቴናንስ ውስጥ «አላይንመንት» አድርጉ፣ ያልቃል።

የእኛ ቤቱ ሳያን እሑድ ጠዋት ተመለሰ። ቅዳሜ ሦስቴ አጽድቼ አጥፍቼው አደርኩ፣ እሑድ በአንድ ማጽጃ መስመሩ ሞላ። አሁን ያቺን ባንዲራ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጫታለሁ። በየሳምንቱ እንደ ክብሪት ሳጥን አሳንሼ አንድ አትማለሁ። አራቱም ቀለም ይንቀሳቀሳል፣ የጎደለም ካለ ወዲያው ያሳብቃል።

እሑድ የወጣውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ባንዲራ ይዤ ወደ ልጅቷ ሄድኩ። አልጠበቀችኝም። አርብ ማታ የተበላሸውን ወረቀት ወስዳ፣ ላይኛውን ቢጫ በሰማያዊ እርሳስ ቀብታዋለች። አረንጓዴ ሆኗል።